የእንኳን ደህና መጣሽ ድግሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ልጅቷ እናንተን ትልመድ

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ከውጭ አገር በጉዲፈቻ ልጅ ለማሳደግ አመልክተን ረጅም ጊዜ ስንጠብቅ ቆይተን አሁን ልጅ ተመድባልናለች። ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ፎቶዋንና የጤና ወረቀቷን ልከውልናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሄደን እናመጣታለን። ክፍሏን አዘጋጅተናል። ዘመዶቻችን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው ሊቀበሉን፣ በማግስቱም ትልቅ ድግስ ሊደግሱ ጓጉተዋል። እኔን ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ባትወደኝስ? እኔስ እንደ ወለድኳት ባልወዳትስ? ከመሄዳችን በፊት በምን እንዘጋጅ? የመጀመሪያዎቹን ወራትስ እንዴት እንያዛቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በጉዲፈቻ ልጅ ከሚያሳድጉ ቤተሰቦች ጋር የምሠራ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። የጠየቁኝ ነገር ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከድግሱ ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መልስ ከእሱ ይመዘዛልና። ድግሱን ለጥቂት ወራት አቆዩት። አውሮፕላን ማረፊያም ወደ ቤት ከሚያደርሳችሁ ሰው በቀር ማንም አይምጣ። ዘመድ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ልጅቷ ከዘመድ አዝማድ ጋር ከመተዋወቋ በፊት እናንተን ለይታ ማወቅ አለባት፤ ይህ ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የመጣችበትን ኑሮ እናስበው። በማሳደጊያ ውስጥ ተንከባካቢዎች የሚሠሩት በፈረቃ ነው። ጠዋት ያጠበቻት ማታ አታስተኛትም፤ ዛሬ ያቀፈቻት በሚቀጥለው ወር ሥራ ለቃ ልትሄድ ትችላለች። ሴቶቹ ደግና ትጉ ቢሆኑ እንኳ አንዷ የብዙ ሕፃናት ናት፤ ምግቡም እንቅልፉም በሰዓት ነው፣ ዳይፐር የሚቀየረውም በተራ። ቤት ያደገ ሕፃን ግን ሲርበው ያለቅሳል፣ ያችው እናት ትመጣለች፣ ታጠግበዋለች፣ እሹሩሩ ትለዋለች። ይህ በቀን ደጋግሞ ለወራት ሲሆን ነው ሕፃኑ «ይህች የእኔ ናት» ብሎ የሚለየው፤ ሌላውን ሰው ሁሉ የሚለካውም በእሷ ነው። ይህን በሙያችን ቁርኝት እንለዋለን። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ከአንድ ቋሚ አሳዳጊ ጋር ያለው ትስስር ለአእምሮ ጤናው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አስረዳ። ከእሱ ጋር የሠራችው ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። ሕፃኑ ራቅ ብሎ ለመጫወት የሚደፍረው፣ ሲደነግጥም ሮጦ የሚመለሰው ወደ እናቱ መሆኑን በዝርዝር የመዘገበችው እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረን ግን የሮማኒያ ጉዳይ ነው። የቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ፣ በማሳደጊያዎች ታጉረው ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄዱ። ወደ እንግሊዝ የገቡትን የሕፃናት አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ አዋቂ እስኪሆኑ ድረስ ተከታተሏቸው። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ከማሳደጊያ የወጡት በአብዛኛው ከእኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ። ከዚያ በላይ የቆዩት ላይ ግን ትኩረት የማጣት፣ ከሰው ጋር የመግባባት፣ የማያውቁትን ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ የመቅረብ ችግር በብዛት ታየ። ከእነሱም ውስጥ ምንም ሳይታይባቸው ያደጉ አሉ። በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 136 ሕፃናትን ይዞ የተጀመረው ሌላ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት ከዚያ በኋላ ከገቡት የተሻለ ቁርኝት መሥርተዋል።

ልጅዎ ሁለት ዓመት ተኩል ናትና ይህን ሲያነቡ እንደሚደነግጡ ይገባኛል። የዚያን ጊዜዎቹ የሮማኒያ ማሳደጊያዎች እጅግ የከፉ ነበሩ፤ የእናንተዋ ልጅ ያደገችበት ቤት እንደዚያ ላይሆን ይችላል። በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ልጆች ቤተሰብ ከገቡ በኋላ በቁመት፣ በክብደትና በአእምሮ እድገት የሚያሳዩት መካካስ በጣም ትልቅ ነው። ይህ መካካስ የሚመጣው ግን ልጅቷ በማሳደጊያው ያላገኘችውን ነገር ስታገኝ ነው፤ ይኸውም ሳይፈራረቅ የሚመላለስላት አንድና ሁለት ሰው።

አንዲት እናት የነገረችኝን ላካፍልዎ። የሦስት ዓመት ልጇ ወደ ቤት ከመጣች ብዙም ሳትቆይ ደረጃ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል። ልጅቷ ድምፅ አላወጣችም። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ቀሚሷን በመዳፏ አራገፈች፣ ጉልበቷን አየት አደረገችና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ቤት የነበሩ ዘመዶች «እንዴት ያለች ጨዋ! እንዴት ያለች ጠንካራ!» እያሉ አደነቁ። እናትየዋ ግን ሆዷ ባባ፤ ልክም ነበረች። እያመማት የማታለቅስ የሦስት ዓመት ልጅ ብታለቅስ የሚመጣላት እንደሌለ ተምራለች ማለት ነው። እናትየዋን የመከርኳት ልጅቷ እንዳለቀሰች ቆጥራ እንድትሄድላት ነበር፦ ተንበርክካ እንድታቅፋት፣ ቁስሉን እንድታጥብላት፣ «አመመሽ አይደል የኔ ልጅ፣ መጣሁልሽ» እንድትላት። ወራት ካለፉ በኋላ የዚያችው ልጅ ጣት በበር ተቆነጠጠ። ቤቱን በጩኸት አናጋችው፤ እየሮጠችም አባቷንና አክስቷን አልፋ እናቷ እግር ላይ ተጠመጠመች። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር፤ በደስታ።

አሁን ድግሱን በዚህ ዓይን ይዩት። አርባና ሃምሳ ሰው በተሰበሰበበት ልጅቷ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ትተላለፋለች፤ አንዱ ጣፋጭ ያጎርሳታል፣ ሌላው ያስቃታል። ምናልባት ለሁሉም ፈገግ እያለች «ሰው አትፈራም» ተብላ ትመሰገን ይሆናል። እሷ ግን በዚያ ቀን የምትማረው አዲሱም ቤት እንደ ድሮው ብዙ እጅ የሚፈራረቅበት መሆኑን ነው። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት የሚያበላት፣ የሚያጥባት፣ ልብስ የሚቀይርላት፣ የሚያስተኛት፣ ስታለቅስ የሚያነሳት እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ሁኑ። ሌላ ሰው ሊያጫውታት ይችላል፤ ምግብና ማባበል ግን ከእናንተ እጅ ብቻ ይምጣ።

ለዘመዶቻችሁ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ በር ላይ ቆሞ ማስረዳት ይከብዳል። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ «ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ልጃችንን ለማየት እንደምትጓጉ እናውቃለን፤ እኛም ልናሳያችሁ ቸኩለናል። እስካሁን ብዙ ሰው እየተፈራረቀባት ስላደገች፣ እናትና አባቷ እኛ መሆናችንን እስክትለይ ድረስ የምናበላትም የምናቅፋትም እኛ ብቻ እንድንሆን ባለሙያ መክሮናል። ስትመጡ ሰላም በሏት፣ አጫውቷት፤ ‹እቀፉኝ› ብላ እጇን ከዘረጋች ግን በፍቅር ወደ እኛ መልሷት። የድግሱን ቀን እኛው ቆርጠን እንጠራችኋለን።» ለአያቶቿ ጽሑፍ አይበቃም፤ ቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው። እንዳይከፋቸውም ሥራ ስጧቸው፦ ምግብ ሠርተው በር ድረስ ያምጡ፣ ልብስ ይጠቡ፣ ገበያ ይሂዱላችሁ። ይህ እርዳታ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ እናንተን ከወጥ ቤት አላቅቆ ከልጅቷ ጋር ወለል ላይ የሚያስቀምጣችሁ እሱ ነው።

ድግሱ መቼ ይሁን ካላችሁ፣ ቀኑን የምትነግራችሁ ልጅቷ ናት። ሲያማት ከሌላው ሰው መርጣ ወደ እናንተ ስትመጣ፣ እንግዳ ሲገባ እግራችሁ ሥር ስትሸጎጥ፣ ከክፍል ስትወጡ በዓይኗ ስትከተላችሁ፣ ስትመለሱ ፊቷ ሲፈካ ያን ጊዜ ጥሯቸው። ያን ጊዜም ሰዉ ትንሽ፣ ሰዓቱ አጭር ይሁን።

ከሥራ የምትወስዱትን የዕረፍት ፈቃድ በዚህ መሠረት አስሉት። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ወጥታችሁ በአንድ ጊዜ ከምትመለሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብራችሁ ቆይታችሁ ከዚያ በኋላ ብትፈራረቁ ይሻላል። ሞግዚት ወይም መዋያ የግድ ከሆነ በተቻለ መጠን ዘግይቶ፣ በአንድ ቋሚ ሰው፣ በጥቂት ሰዓት ይጀመር።

ክፍሏን አዘጋጅተናል ብለዋል። ደስ ይላል፤ ግን ልጅቷ ብቻዋን ተኝታ አታውቅም፤ የኖረችው የሌሎች ሕፃናትን ትንፋሽ እየሰማች ነው። አልጋዋን ለጊዜው እናንተ መኝታ ቤት አስገቡት። መጫወቻውንም ቀንሱት፤ ሦስትና አራት ይበቃል። በቀለምና በአሻንጉሊት የተሞላ ክፍል ለእናንተ ፍቅር ቢመስልም ለእሷ ጫጫታ ነው።

ከጉዞው በፊት ጉልበታችሁን የምታውሉበት ዋናው ነገር መረጃ መሰብሰብ ነው። የጤና ወረቀቷን በጉዲፈቻ ሕፃናት ላይ ልምድ ላለው የሕፃናት ሐኪም አሳዩት። ክብደቷ፣ ቁመቷና የጭንቅላቷ ዙሪያ መቼ መቼ እንደተለካ ከነቀኑ ጠይቁ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ የሚናገረው አካሄዱ ነው። በማሳደጊያ የሚያድጉ ልጆች በየሦስት ወሩ የአንድ ወር ያህል የቁመት እድገት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ በሙያው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አጠር ብላ ብታገኟት አትደንግጡ። የጭንቅላት ዙሪያ ልኬቷ ከዕድሜዋ በጣም አንሶ ከሆነ ግን ሐኪሙን በደንብ አነጋግሩት። በእርግዝና ጊዜ እናቷ አልኮል ትጠጣ እንደነበር የሚታወቅ ነገር ካለም ጠይቁ፤ ሐኪሙ ከፊቷም የሚያየው ምልክት አለ፦ ስስ የላይኛው ከንፈር፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ሸንተረር ለጥ ማለት፣ የዓይን መክፈቻ ስንጥቅ ማጠር። ስትራመድ፣ ስትጫወት፣ ስሟ ሲጠራ ዞር ስትል የሚያሳይ ቪዲዮ ብታገኙ ከአሥር ፎቶ ይበልጣል።

ለተንከባካቢዎቿ የምትልኩት ጥያቄ ደግሞ የእናት ጥያቄ ይሁን። በቤት ስሟ ማን ትሏታላችሁ? በጀርባዋ ነው በሆዷ የምትተኛው? ስታለቅስ በምን ዝም ትላለች? ምን ትፈራለች? ከእናንተ መካከል ማንን ትመርጣለች? ከልጆቹስ ከማን ጋር ትውላለች? «ማንን ትመርጣለች» ለሚለው ስም ከተጠራላችሁ ትልቅ የምሥራች ነው፤ አንድ ሰው መውደድ የጀመረች ልጅ ሌላ ሰው መውደድም ይቀላታል። እናንተም የፊታችሁን ፎቶ፣ የቤቱን ፎቶ፣ በስሟ እየጠራችሁ የምታወሩበትን ድምፅና አብራችሁ የተኛችሁበትን ትንሽ ጨርቅ ላኩላት። ከቋንቋዋም ለዕለት ኑሮ የሚበቃ ቃል አጥኑ፦ አመመሽ፣ ራበሽ፣ ሽንት፣ እንተኛ፣ እዚህ ነኝ፣ እመለሳለሁ።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጉዞ ቀናችሁ በጽሑፍ እስኪረጋገጥ ድረስ ነገሮች ሊለወጡ ይችላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቻይና ደግሞ በ2024 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲያቆሙ ልጅ ተመድቦላቸው ይጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ተስፋችሁን አትቁረጡ፤ ነገር ግን ከኤጀንሲያችሁ ጋር በየጊዜው ተነጋገሩ፣ የተነጋገራችሁትንም በጽሑፍ ያዙ። ያለ ደረሰኝ ለማንም ገንዘብ አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት ከወጪና ተገቢ ከሆነ የባለሙያ ክፍያ ውጪ ማንም እንዲያተርፍ አይፈቅድም። ሁለታችሁም ለጉዞው የሚያስፈልገውን ክትባት ተከተቡ። ሄፓታይተስ ኤ ከሚበዛበት አገር የምትመጣ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእሷ የሚቀርቡ የቤተሰብ አባላትም፣ አያቶቿን ጨምሮ፣ አስቀድመው ቢከተቡ መልካም ነው፤ ሕፃናት ቫይረሱን ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይዘውት ይመጣሉና።

የርክክቡ ቀን ስታለቅስ ልባችሁ አይሰበር። የምታውቀውን ሰው፣ ሽታ፣ ድምፅና ቋንቋ በአንድ ቀን እያጣች ነው፤ ለእሷ ሐዘን ነው። የምታለቅሰው የምትለየው ሰው ስላላት ነውና ደግ ምልክት አድርጋችሁ ያዙት። ዝም የምትልም ልጅ አለች፤ ትደነዝዛለች፣ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ በእጇ የያዘችውን ነገር አትለቅም። ሁለቱንም በትዕግሥት እቀፉ። የለበሰችውን ልብስ አትጠቡት፣ አትጣሉት፤ ለጥቂት ቀን አልጋዋ ላይ ይቆይ፣ ሽታው ያጽናናታል። በማሳደጊያው የለመደችውን ምግብና የእንቅልፍ ሰዓት ለጊዜው እንዳለ ቀጥሉ።

ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ መርጣ ሌላውን ልትገፋ ትችላለች። የወንድ ድምፅ ሰምታ የማታውቅ ልጅ አባትን ስትፈራ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም የምትገፋው እናትን ነው፣ የተለየቻት ተንከባካቢዋ ሴት ስለነበረች። የተገፋው ሰው አይሽሽ፣ አይጫንም። አጠገብ ይቀመጥ፣ የምትወደውን ነገር እሱ ያቅርብ፣ ማታ ማታ ታሪክ እሱ ያንብብ። የተመረጠውም «ወደ እሱ ሂጂ» እያለ አይግፋት።

ቤት ስትገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ምርመራ ይደረግላት፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ቢኖራትም። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ቂጥኝ፣ የደም ማነስ፣ የሰገራ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት፣ የታይሮይድ፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ይጠበቃል። ከእነዚህ የተወሰኑት ከስድስት ወር በኋላ ይደገማሉ፤ ልትመጣ ስትል የያዛት በሽታ በመጀመሪያው ምርመራ ላይታይ ይችላልና።

ከምግብ ጋር ያላት ነገር ሊያስገርማችሁ ይችላል። ትራስ ሥር የደረቀ ቁራሽ ዳቦ ብታገኙ ሌብነት አይደለም። ሳይቀድሟት መብላትን፣ ለነገ መደበቅን ለምዳለች። አትቆጧት፣ አትንጠቋትም፤ ማታም ቀንም የማይወሰድባት፣ ምግብ ያለበት የራሷ ትንሽ ዕቃ ስጧት። ጠዋት ባዶ ከሆነ ሙሉት። እስኪያስመልሳት የምትበላም ከሆነ ሳህኑን ከመደበቅ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አቅርቡላት፤ ምግብ እንደማይቋረጥ ስታምን ትረጋጋለች። ይህ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ስትቆጣና ስትንከባለል «ወደ ክፍልሽ ግቢ» የሚለው ቅጣት ለዚህች ልጅ አይሆንም። ብቻዋን መተው የምታውቀው ነገር ነው፤ ሌላ ነገር ልናስተምራት ነው የምንፈልገው። አጠገቧ ወለል ላይ ቁጭ በሉ፣ ራሷን እንዳትጎዳ ያዟት፣ በዝግታ አናግሯት፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። እንደ ጨቅላ ጡጦ ብትፈልግ፣ እቅፍ ውስጥ ሆና ልትመገብ ብትል፣ እንድትታዘል ብታለቅስ «ትልቅ ልጅ ነሽ» አትበሏት። ያላገኘችውን ልጅነት አሁን እየጠየቀች ነውና ስጧት።

ቋንቋዋን በጥቂት ወራት ውስጥ ትረሳለች፤ ከሁለቱም ቋንቋ የሌለችበት ጊዜ ይኖራል፣ ቁጣዋም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። በአዲሱ ቋንቋ ማውራት በቶሎ ትጀምራለች። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ አምስትና ሰባት ዓመት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ስትጀምር «አፏ ተፈትቷል እኮ» ተብሎ እርዳታ አይከልከል።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳዎ ጥያቄ ልምጣ። ባልወዳትስ? እህቴ፣ አሁን የሚወዱት ፎቶዋን ነው። የምትመጣው ልጅ ከፎቶው ትለያለች፤ እርስዎን የምትነክስ፣ ሌሊት በጩኸት የምትነቃ፣ ሲያቅፏት እንደ እንጨት የምትደርቅ ልትሆን ትችላለች። በዚያ ጊዜ «ሞግዚት የሆንኩ ይመስለኛል» የሚል ስሜት ቢመጣብዎ ክፉ ሴት አይደሉም። የማውቃቸው ብዙ ጥሩ እናቶች ይህን ብለውኛል፤ አባቶችም። ፍቅሩ የመጣው እያበሏት፣ እያጠቧት፣ ፀጉሯን እያበጠሩላት፣ ታማ ሌሊቱን ሲያነጉላት ነው፤ መቼ እንደመጣም ብዙዎቹ ቀኑን አያውቁትም። ስለዚህ ስሜቱ እስኪመጣ እንክብካቤውን አያዘግዩ። ዓይን ዓይኗን እያዩ ይመግቧት፣ ቅባት ሲቀቧት ጣቶቿን አንድ በአንድ ይቁጠሩላት፣ ከእንቅልፍ በፊት ያንኑ መዝሙር በየማታው ይዘምሩላት። ልጅቷም የምትወድዎት በዚሁ መንገድ ነው፤ በየቀኑ ያው እጅ ሲመጣ።

ከባድ ቢሆንብዎስ? ከጉዲፈቻ በኋላ የሚመጣ ድብርት አለ፤ ጁን ቦንድ የተባለች የጉዲፈቻ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ስም ሰጥታ ከጻፈችበት ወዲህ በሙያው በሰፊው ይታወቃል። ያላረገዘና ያልወለደ ሰው እንዴት ይህ ይይዘዋል የሚሉ አሉ። የእንቅልፍ እጦቱ ያው ነው፣ ድካሙ ያው ነው። በዚያ ላይ ለዓመታት የተጠበቀው ደስታ እንደታሰበው አለመምጣቱ አለ፤ ልጅ ባለመውለድ የቆየ ሐዘን ካለም ያን ጊዜ ይቀሰቀሳል። ከሁሉ የሚከፋው እፍረቱ ነው፦ «ስንት ዓመት ለምኜ ያገኘኋትን ልጅ ይዤ እንዴት አዘንኩ እላለሁ? ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ብትሰማስ? ትወስድብኝ ይሆን?» በዚህ ፍርሃት ዝም ብለው የተጎዱ እናቶች አይቻለሁና ይህን በጣም ከልቤ እለምንዎታለሁ፦ አይደብቁ። ልጅቷ በተኛችበት ሰዓት እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ምክንያት ሳይኖር የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ከእሷ ጋር ብቻዎን መቅረት ካስፈራዎት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። ራስዎን ወይም ልጅቷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ያን ዕለት ይሂዱ። ይታከማል። ባለቤትዎንም ይጠይቁት፤ ወንዶች ይህን ስሜት በሥራ ብዛትና በዝምታ ይሸፍኑታል።

ስለ ታሪኳ ሁለት ነገር ልበል። ስሟን ከቻላችሁ ጠብቁላት፤ ከማሳደጊያው ይዛው የምትመጣው ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላል። በጉዲፈቻ የመጣች መሆኗንም አንድ ቀን የሚገለጥ ምሥጢር አታድርጉት፤ ገና ትርጉሙ ሳይገባት፣ ስትታጠብ፣ ስትተኛ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ ትስማው። ሲነገር ግን «እናትሽ በጣም ስለምትወድሽ ሰጠችሽ» አትበሏት። ብዙ ቅን ወላጆች ይህን ይላሉ፤ ልጁ የሚሰማው ግን የሚወዱትን ሰው አሳልፈው ይሰጡታል ማለት ነው፣ «እናንተም ትወዱኛላችሁና ትሰጡኛላችሁ» ብሎ ይሰጋል። «ልታሳድግሽ አልቻለችም፤ ምክንያቱን የምናውቀው ይህን ያህል ነው» በቂ ነው። የማታውቁትን አትፍጠሩ። ሰው በፊቷ «እናቷ ማናት?» ሲላችሁ «እኔ ነኝ» ብላችሁ ሌላውን ዝጉት፤ ታሪኩ የእሷ ነው፣ የምትነግረውም እሷ ስታድግ ለፈቀደችው ሰው ነው።

ስለዚህም ስትሄዱ ከማሳደጊያው የምታገኙትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ አምጡ፦ የገባችበት ቀን፣ ማን እንዳመጣት፣ የተገኘችበት ቦታ፣ የተንከባካቢዎቿ ፎቶ፣ የአልጋዋና የበሩ ፎቶ ሳይቀር። የሄግ ስምምነት አገሮች ስለ ልጁ አመጣጥ ያለውን መረጃ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ቢሆንም እናንተም የራሳችሁን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2025 የደቡብ ኮሪያ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ከአገሪቱ ወደ ውጭ በጉዲፈቻ በተላኩ ልጆች ጉዳይ የተጭበረበሩ የትውልድ መዝገቦች እንደነበሩ ይፋ አድርጓል፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው የትውልድ ሥረ መሠረታቸውን የሚፈልጉ አሉ። ሐሰት የሚመስል፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ወረቀቷ ላይ ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ልጅቷ ስትጠይቃችሁ ያን ጊዜ የምትመልሱት ይኖራችኋል።

የመጨረሻው ነገር ዜግነቷ ነው። ስምምነቱን በፈረሙ አገሮች መካከል ከሆነ ጉዲፈቻው በሕጉ መሠረት መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ይሰጣችኋል፤ ዋናውን ጠብቁት። ከዚያም በኋላ የመኖሪያ አገራችሁ ዜግነት በራሱ የሚመጣ ነው ወይስ የሚጠየቅ የሚለውን ከጠበቃ ጋር አጣሩ። አሜሪካ በ2000 ያወጣችው ሕግ በጉዲፈቻ ለገቡ ልጆች ዜግነትን በቀጥታ ሲሰጥ፣ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በየካቲት 27 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. 18 ዓመት የሞላቸውን አላካተተም። በዚህ ምክንያት በልጅነታቸው የመጡ፣ ቋንቋውን ብቻ የሚያውቁ፣ አሳዳጊዎቻቸው አንድ ቅጽ ሳይሞሉ በመቅረታቸው ያለ ዜግነት የጎለመሱ ሰዎች አሉ፤ ወደማያውቁት አገር የተባረሩም አሉ። ስለዚህ በተመለሳችሁ በመጀመሪያው ወር ማመልከቻውን አስገቡ፤ የዜግነት ማረጋገጫው በእጃችሁ እስኪገባ ድረስም ጉዳዩን መከታተል አታቋርጡ።